ሳተርን በአያ ሰይድ ማሳ ላይ

ጥፋቴን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ቢያንስ አስቦበታል። እኔ ቆጠርኩ እንጂ አላሰብኩም። መቁጠርና ማሰብ አንድ እንዳልሆኑ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ስናገር ኖሬ፣ ለራሴ የገባኝ ባለፈው ሚያዝያ ነው።

የማስተምረው ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሮቢት ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ከቆቦ በባጃጅ እመጣና አስፋልቱ ላይ ወርጄ የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነኝ። በመጽሐፋችን ውስጥ ስለ ሥርዓተ ፀሐይ የሚያወራ አንድ ገጽ አለ፤ እዚያ ላይ ስምንቱ ፕላኔቶች ቆጥ ላይ እንዳደሩ ዶሮዎች ተጠጋግተው ተሰልፈዋል። እኔም በየዓመቱ ያንኑ ሥዕል ሰሌዳ ላይ እገለብጣለሁ። ክብ መሳል እችልበታለሁ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ዘውዱ አንድ ቀን በመስኮት አይተው "ክብሽ ያምራል" ብለውኛል። በሙያዬ ያገኘሁት ምስጋና ይኸው አንዱ ስለሆነ አልረሳውም።

ሃያት የምትባል ተማሪ አለችኝ። የፊተኛው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ሰውነቷ ትንሽ ነው፤ እጇን ባወጣች ቁጥር ግን ደወሉ በደወለ እላለሁ። ያን ቀን ሰሌዳዬን ሞልቼ፣ ጠመኔዬን አራግፌ "ጥያቄ ያለው?" ስል እጇ ወጣ።

"መምህርት፣ ይቺ የመጨረሻዋ ከፀሐይ ምን ያህል ትርቃለች?"

"ኔፕቱን? በጣም ትርቃለች።"

"ከሮቢት ትርቃለች?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ መልስ ልፈልግ ብዬ ነው።

"ከሮቢት በጣም ትርቃለች።"

"ከወልድያስ?"

"ከወልድያም።"

"ታዲያ እዚህ ለምን ስንዝር ሆነች?"

"ወረቀቱ ስለማይበቃ ነዋ።"

ሃያት በመስኮት ወደ ውጭ አየችና "መሬቱስ ይበቃል?" አለች።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ብልህ መምህር ቢሆን ኖሮ "ነገ እንቀጥላለን" ብሎ ደወሉን ይጠብቅ ነበር። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩና ማባዛት ጀመርኩ። መሬትን አንዲት ፍሬ ማሽላ አደረግኳት። የቀረውን በእሷ ልክ ሳወጣው ፀሐይ ሰፌድ አክላ መጣች። ቬነስ ሌላ ማሽላ ሆነች፣ ማርስ ሰሊጥ፣ ሜርኩሪ ጤፍ። ጁፒተር ሎሚ ሆነች፤ ሳተርን ከእሷ ትንሽ አነስ ያለች ሎሚ። ዩራኑስና ኔፕቱን ልጆች የሚጫወቱበትን ብይ አከሉ። ርቀቱን ሳሰላው ደግሞ ማሽላችን ከሰፌዱ አርባ ሰባት እርምጃ ላይ ተገኘች፤ ኔፕቱን አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሦስት። ባሕሩም፣ አህጉሩም፣ ቆቦም አንዲት ፍሬ ላይ ተጭነው ሳይ ደንግጬ ሁለት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው።

ሰፌዱን ከቆቦ ገበያ ገዛሁ። ሻጯ "ለምን ይሆንሻል?" ብትለኝ "ፀሐይ ላደርገው ነው" አልኳት። "ፀሐይ ላይ እህል ለማስጣትማ ይሄኛው ሰፋ ይላል" ብላ ሌላ አነሣችልኝ። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ፤ ሰው የሚሰማው የሚያውቀውን መሆኑን ሴትየዋ በነጻ አስተምራኝ ነበር።

ጤፍና ሰሊጥ ከሩቅ አይታዩምና ፍሬዎቹን የሚሸከም ችካል አስፈለገኝ። ከአጥር የተረፈ እንጨት ነበረን፤ ተማሪዎቹ ስምንት ችካል ጠረቡልኝ። የትምህርት ቤቱ በር የተቀባበት ቀይ ቀለምም ተርፎ ነበር፤ የችካሎቹን ጫፍ በእሱ ቀባሁ። ከሥሩ የፕላኔቷን ስምና የእርምጃውን ቁጥር ጻፍኩ። ፍሬዋን በፕላስተር ለጠፍኩ፤ ሎሚዎቹን በሚስማር። ለሳተርን ከጀሪካን ቆርጬ ቀለበት አበጀሁላት።

ጫፉ ቀይ የሆነ፣ ቁጥር የተጻፈበት ችካል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። መንገድ ሲመጣ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው፤ የመብራት ምሰሶም ቢሆን፣ ጥልቅ ጉድጓድም ቢሆን። ሰዎቹ ቆይተው ነው የሚደርሱት። የአባቴን ጓሮ እኩሌታ የወሰደ ችካል በልጅነቴ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ቀለሙ ተርፎ ነበር። የተረፈ ነገር ሲባክን ማየት አልወድም፤ ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከቁጠባ ነው።

ለአቶ ዘውዱ "ሶላር ሲስተምን በተግባር ስለማስተማር" የሚል ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። የፊርማ ጉዳይ ሲሆን ፈጣን ናቸው።

ሐሙስ ዕለት አርባ አንዱን ተማሪዎቼን ይዤ ወጣሁ። ሰፌዱን በቢጫ ቀብተን የመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀልነውና፣ እኔ እግሬን ከፈት ከፈት እያደረግኩ ስራመድ ልጆቹ ከኋላዬ በአንድ ድምፅ ይቆጥራሉ። አሥራ ስምንት ላይ ሜርኩሪን ተከልን። ሠላሳ አራት ላይ ቬነስን። አርባ ሰባት፣ የውሃው ቧንቧ አጠገብ፣ መሬትን። ሰባ አንድ ላይ ማርስ ሽንት ቤቱ ፊት ለፊት ዋለች፤ ልጆቹ በዚህ ምን ያህል እንደተደሰቱ አልነግራችሁም። ጁፒተርን ከበሩ ውጭ ተከልናት። በማግስቱ ዘበኛችን ለሻይ ጨምቀዋታል። በእሷ የከሰሰኝ ስለሌለ እሷን እዚህ ልተዋት።

ከበሩ ጀምሮ በማሽላ ማሳዎች መካከል እስከ ወንዙ የሚወርድ ቀጭን መንገድ አለ። አራት መቶ አርባ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ከመንገዱ በስተቀኝ የአያ ሰይድ ማሳ ነው። አያ ሰይድ የሃያት አያት ናቸው። ያን ቀን ለለቅሶ ዋጃ ሄደው ነበር። መንገዱ ላይ ከብት ይረግጣታል ብዬ ሳተርንን ወደ ማሳቸው ጠርዝ ገባ አደረግኳት። በድንጋይ እየመታሁ ሳለ ግመሎቹን እየነዳ የሚያልፍ አንድ ሰውዬ ቆመ።

"መምህርት፣ ምን ልታደርጉ ነው?" አለ።

"ሶላር ሲስተም ነው" አልኩት፣ ድንጋዩን ሳላስቀምጥ። "እስከ ወንዙ ድረስ ይሄዳል።"

"እስከ ወንዙ?"

"እስከ ወንዙ።"

"ማሻአላህ፣ ሰፊ ነዋ።"

"ኧረ ይኼ በጣም አሳንሰነው ነው" አልኩ በኩራት። "በልኩ ቢሆንማ ቆቦም አይበቃው።"

ሰውዬው ችካሏን አየ፣ ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ግመሎቹን ከወትሮው ፈጠን አድርጎ ነዳ።

በእኛ አገር ሶላር ማለት ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው፣ ከጉድጓድም ውሃ የሚስበው ሰማያዊ ሰሌዳ ነው። ሌላ ሶላር የለም። እኔ በደስታ እስከ ኔፕቱን ቆጥሬ፣ ወንዙ ዳር የመጨረሻዋን ችካል ተክዬ ስመለስ፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንደር ገብቶ ነበር። ከትምህርት ቤቱ እስከ ወንዙ ያለው ማሳ ለሶላር ሊወሰድ ነው፤ መምህርቷ ለክታ ጨርሳለች።

አምስተኛ ክፍሎችን ሰኞ ላሳይ ስላሰብኩ ችካሎቹን አልነቀልኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ከባጃጅ ስወርድ ሰው ሁሉ በሁለት እጁ ሰላም አለኝ። አንዷ እናት አንድ ጠርሙስ ወተት ሰጠችኝ። ሌላዋ "ልጄን ስላስተማርሽልኝ አላህ ይስጥሽ" አለችና ወዲያው "የእኛ ማሳ ከግራሩ ወዲያ ያለው ነው፣ ባይነካ ጥሩ ነው" አለች። ሁለተኛውን ግማሽ ልብ አላልኩትም። ሰው ዕውቀትን ማክበር ጀመረ ብዬ፣ ወተቴን አቅፌ፣ ዓይኔ እንባ እያቀረረ ክፍል ገባሁ።

አምስተኛ ክፍሎችን ይዤ አራት መቶ አርባ ሰባት ስደርስ በቀኝ በኩል ሳተርን የለችም። ጉድጓዷ ብቻ አለ። ዞር ስል ከመንገዱ በስተግራ፣ በአያ ሰይድ ጎረቤት በጋሽ ብርሃኑ ማሳ ውስጥ፣ ከነሎሚዋ ከነቀለበቷ ቆማለች። ፕላኔት ትዞራለች ብዬ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሳተርን ግን ፀሐይን አንዴ ለመዞር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይፈጅባታል፤ በአራት ቀን ማሳ አትቀይርም። ልጆች ሲጫወቱ ነቅለዋት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ በዕረፍት ሰዓት አያ ሰይድ በትራቸውን ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"መምህርት፣ ያ ችካል የተተከለበት ሰው ይጎዳል ወይስ ይጠቀማል?"

ማሳዬን ረገጣችሁብኝ ሊሉኝ መስሎኝ ቶሎ ላባብላቸው ፈለግሁ። "ኧረ አያ ሰይድ፣ ምን ጉዳት አለው" አልኩ። "የተተከለበት ሰው ዕድለኛ ነው።"

"ዕድለኛ?"

"አዎና። ሳተርን እኮ ናት። ከሁሉም የምታምረው እሷ ናት።"

አያ ሰይድ መሬት መሬት አዩ። እንደ መምህር አስተያየቴ፣ ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የነበረው ጥልቅ ማሰላሰል ነበር። ኋላ እንደሰማሁት የጸጸት ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ኖሯል። ከዋጃ ሲመለሱ መሬት ሊወሰድ ነው የሚለውን ወሬ ሰሙ፤ ማሳቸው ላይ ቀይ ችካል አዩ። ሃያት "ሳተርን ናት፣ ከፀሐይ ስድስተኛ" ብላ ነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን ልጅ የተነገራትን ነው የምትናገረው ብለው፣ ጎሕ ሲቀድ ነቅለው ከመንገዱ ማዶ፣ ጋሽ ብርሃኑ ማሳ ላይ ተከሏት። አሁን ደግሞ መምህርቷ ራሷ ዕድል ነው አለች። ሳተርን የሚሏት ውሃ መሳቢያዋ መሆን አለባት። ችካል ያለበት ማሳ ውሃ ያገኛል።

ረቡዕ ጠዋት ሃያት እጇን አላወጣችም። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። በዕረፍት ሰዓት ጠርቼ ጠየቅኳት።

"አያቴና ጋሽ ብርሃኑ በሬ ተለያዩ" አለች።

እዚህ ላይ ሳቄም ኩራቴም አለቀ። አያ ሰይድ አንድ በሬ አላቸው፣ ዳልቻ የሚባል። ጋሽ ብርሃኑም አንድ አላቸው፣ ቦቃ የሚባል። አንድ በሬ አያርስም። ሁለቱ ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ በሬያቸውን አቀናጅተው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ሲያርሱ ኖረዋል። አንዱ ሲጾም ሌላው ሲያፈጥር፣ አንዱ ሲያርድ ሌላው ሲዘይር፣ አንድም ቀን ክፉ አልተነጋገሩም። አያ ሰይድ ማክሰኞ ከእኔ ዘንድ ቀጥታ ሄደው "ችካሉ የእኔ ነው፣ ልውሰድ" አሉ። ጋሽ ብርሃኑም "ስትፈራው ለእኔ ሰጠኸኝ፣ ስትወደው ልትወስደው መጣህ?" አሉ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ሃያት ልትነግረኝ አልፈለገችም። በተራራው ላይ ደግሞ ደመናው ከብዷል፤ የበልጉ ዝናብ ዛሬ ነገ እያለ ነው። ያልታረሰ ማሳ ላይ ማሽላ አይዘራም።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ወተቱም፣ ሰላምታውም፣ ግመል ነጂውም አንድ ላይ ገቡኝ። ከሰዓት በኋላ ችካሏን ነቅዬ ልገላገል ብዬ ሄድኩ። ጋሽ ብርሃኑ ሳተርን አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ በትራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከመንገዱ ማዶ አያ ሰይድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸው የሚጠብቁት ጉድጓዷን ነው።

"ጋሽ ብርሃኑ፣ ችካሏን ልንቀላት ነው የመጣሁ" አልኩ።

"ማን አዘዘሽ፣ ልጄ?"

"ማንም አላዘዘኝም። ራሴ ነኝ የተከልኳት።"

"መንግሥት የተከለውን አንቺ አትነቅይም።"

"መንግሥት አይደለም እኮ። እኔ ነኝ።"

"አንቺስ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሽ?" አሉ።

ነኝ። ከማዶ አያ ሰይድ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በዚያ ሳምንት ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ሐሙስ ከቀበሌው መልእክት መጣ፤ አርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት እንድቀርብ። ለአቶ ዘውዱ ብነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ የፈረምኩት ትምህርት ነው" አሉ። "ሶላር አልፈረምኩም።" ሌሊቱን አንዳንዴ ወደማላውቀው ደጋ ዝውውር ሲጻፍልኝ፣ አንዳንዴ በአያ ሰይድና በጋሽ ብርሃኑ መካከል ዱላ ሲነሣ እያየሁ ነጋ።

አርብ ዕለት ከመንደሩ ዋርካ ሥር ሰው ሞልቷል። አቶ ዘውዱ፣ ሃያትና ሌሎች ተማሪዎቼም ሳልጠራቸው መጥተዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ወጣት ናቸው፤ የተቆጡት ሶላር በመምጣቱ ሳይሆን ለእሳቸው ሳይነገር በመምጣቱ ነው። "ከበላይ የደረሰን ደብዳቤ የለም" አሉ። "ለምን ተዘለልን?"

ተነሥቼ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናገርኩ። ሰፌዱን፣ ጤፉን፣ ብዩን። በጨረስኩ ጊዜ ማንም ያመነኝ አልመሰለኝም።

"ለአንዲት የጤፍ ፍሬ ቁጥር ጻፍሽላት?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"አዎ።"

"ቀይ ለምን ቀባሽው?"

"ቀለሙ ተርፎ ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እውነት እንዲህ ደካማ ሆና አይቻት አላውቅም። ያን ጊዜ ልባቸውን ልንካ ብዬ ከመሐረቤ ውስጥ አንዲት ማሽላ አወጣሁ። "እስቲ ተመልከቱ" አልኩ። "ሁላችንም ያለነው በዚህች ፍሬ ላይ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ከሆንን ለድንበር መጣላት ምን ያደርጋል?"

ጋሽ ብርሃኑ ተነሡ። "ልጄ፣ መሬቷ ትልቅ ብትሆን ኖሮ ድንበር መተው ይቻል ነበር" አሉ። "ትንሽ ከሆነችማ የበለጠ መጠበቅ አለባት።"

ጉባኤው በሙሉ በአንድነት "እውነት ነው" አለ። ማሽላዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሃያት ተነሣች። "ሄደን እናሳያቸው" አለች። ሊቀመንበሩ ትንሽ አመነቱና ተነሡ፤ ሊቀመንበር ከተነሣ ደግሞ ሰው አይቀመጥም። እንደዚያ ሆነን ከሰፌዱ ጀመርን። ሃያት ከፊት ትራመዳለች፣ ልጆቹ ይቆጥራሉ፣ ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው ይከተላሉ። ሜርኩሪ ላይ ጤፏን ጉንዳን ወስዷት ስለነበር አለች ብለን አለፍን። ሁለተኛዋ ላይ አያ ሰይድ ጎንበስ ብለው ማሽላዋን አዩ።

"ይቺስ?"

"ቬነስ ናት፣ አያ" አለች ሃያት። "አጥቢያ ኮከብ የሚሏት።"

አያ ሰይድ ቀና አሉ። "በከልቻ?" አሉ።

ይህን ቃል እኔ አላውቀውም ነበር። "እናቴ በከልቻ ነበር የምትላት" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ። "ግመል ስንነዳ የምንነሣው በእሷ ነው። ከተራራው በላይ ስትወጣ ጭነን፣ ሳይነጋ መንገድ እንጀምራለን።"

"እኛም ለእርሻ የምንነሣው በእሷ ነው" አሉ ሌላው።

"ታዲያ መሬትን የምትቀድመው እሷ ናት?" ብለው አያ ሰይድ ሃያትን ጠየቋት። እሷም ሠላሳ አራት እርምጃና አርባ ሰባት እርምጃ ብላ አስረዳቻቸው። አያ ሰይድ የልጅ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። "በከልቻ ካለችበት ውሸት አይደለም" አሉ በመጨረሻ። እኔ ግማሽ ሰዓት ለፍልፌ ያላገኘሁትን እምነት የእናታቸው አንዲት ቃል አገኘችው።

ሳተርን ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ከበባት። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ።

"ከዚህ ማሳ ምን ይወሰዳል?"

"ምንም።"

"ምን ይሰጣል?"

"ምንም።"

እፎይታና ቅሬታ ከአንድ ደረት ሲወጡ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አንድ ሽማግሌ ሁለቱን ሰዎች ይቅር ተባባሉ አሏቸው። አያ ሰይድ ወደ ቀኝ፣ ጋሽ ብርሃኑ ወደ ግራ አዩ። ሰው በትልቅ ነገር ቢጣላ መታረቂያ አያጣም፤ የተጣላበት ነገር ምንም ሆኖ ሲገኝ ግን መታረቁ ያሳፍራል። ማንም እንዴት እንደሚቀጥል ሲጠፋው ልጆቹ "ኔፕቱን ይቀራል" ብለው ቁጥራቸውን ቀጠሉ። እኛም ተከተልን።

ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆቹ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሦስት ብለው ጮኸው ሲጨርሱ ግማሾቹ አሸዋው ላይ ወርደው መሯሯጥ ጀመሩ። እኔ ለሊቀመንበሩ ስለ ኔፕቱን ቅዝቃዜ እያስረዳሁ ነበር። አያ ሰይድ ድንገት እጃቸውን አነሡ።

"ዝም በሉ" አሉ።

ከላይ፣ ከተራራው በኩል፣ የጭነት መኪና የሚመስል ድምፅ ይሰማል። አስፋልቱ ግን በዚያ በኩል አይደለም።

"ልጆቹን አውጧቸው" አሉ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ጋሽ ብርሃኑ ከእኔ ቀድመው አሸዋው ላይ ነበሩ፤ ሁለቱን በብብታቸው ይዘው ለአያ ሰይድ ወደ ላይ አቀበሉ፣ ደግመው ሁለት። የቀሩትን እኔና አቶ ዘውዱ እየገፋን አወጣን። ዳር ላይ ሆኜ ቆጠርኩ። ከዋርካው ሥር ስንነሣ ሃያ ሦስት ነበሩ። ሃያ ሁለት ሆኑብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት። ስም መጥራት ጀመርኩ።

"መምህርት" አለች ሃያት ከኋላዬ። ቀሚሴን ጨብጣ ይዛ ቆማ ኖሯል።

ሃያ ሦስት።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ጎርፉ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ከፊታችን አለፈ። ኔፕቱንን ከነብይዋ ይዟት ሄደ፤ ዞር ብሎ ያያትም የለም። ወንዶቹ ሁሉ ጎርፉን ወደ ማሳ ወደሚጠልፈው ቦይ እየሮጡ ነበር። ይህ ውሃ ለሰዓት ያህል ነው የሚቆየው፤ በዚያች ሰዓት ካልጠለፉት ወደ ታች ወርዶ ይቀራል። የአያ ሰይድና የጋሽ ብርሃኑ ማሳ የሚጠጣው ከአንድ ቦይ ነው።

"ሰይድ፣ ድንጋይ አቀብለኝ" የሚል ሰማሁ።

"ቅርንጫፉን አስቀድም እንጂ። ድንጋይ ብቻውን መቼ ይዞ ያውቃል?"

"አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ቅርንጫፍ ነው።"

"ሁልጊዜ ስለሚይዝ ነዋ።"

ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው እየተሰዳደቡ ነበር። የሃያ ዓመት ስድብ ነው፤ ቦታ ቦታውን ያውቃል። አቶ ዘውዱ የቆዳ ጫማቸውን እንዳደረጉ ገብተው ጭቃ ያቀብላሉ። ሊቀመንበሩም እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ውሃው ጥቂት አመነታ፣ ከዚያ ታጠፈ፣ በቦዩ ገብቶ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ ማሳ ላይ ተኛ። ስለ ሶላር ያነሣ ሰው አልነበረም። ስለ እኔም ያነሣ የለም። ልጆቹን ሁለት ሁለት አሰልፌ፣ በየደጃቸው እያደረስኩ ተመለስኩ። በየደጁም ቆጠርኩ።

ሰኞ ጠዋት ከአስፋልቱ ወርጄ በእግሬ ትምህርት ቤቱ በር ደረስኩ። ሳልገባ ቀጭኑን መንገድ ይዤ ወደ አያ ሰይድ ማሳ ወረድኩ። ማሳው ጠፈፍ ብሏል። ዳልቻና ቦቃ በአንድ ቀንበር ሥር ሆነው ጥቁሩን አፈር እየገለበጡ ይሄዳሉ። ጋሽ ብርሃኑ እርፍ ይዘዋል፤ አያ ሰይድ ከኋላ ጓል ይከሰክሳሉ። አላዩኝም፣ ቢያዩኝም ሥራ ላይ ናቸው። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጫፍ ደርሰው ዞሩ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ዞሩ። ደወሉ ሲደወል ይሰማኛል፤ መነሣት ግን አቃተኝ።

በአሥራ አንድ የመምህርነት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛውን ክፍለ ጊዜ አረፈድኩ። ለምን አረፈድሽ ያለኝ የለም። ቢጠይቁኝ መልስ ነበረኝ፤ ሁለት በሬ ሲያርስ እያየሁ ነበር።